እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ

የመጀመሪያው የተግባር ልምምዳችን (አታችመንት) ላይ የተሰጠን ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ እዩ፣ አትንኩ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የታመመ ሰው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሙያ) የሚማር ሰው ቢያንስ 1000 ሰዓት በተግባር መለማመድ እንዳለበት የሙያው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደንግጓል። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያለቁት ጎንደር፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በመቆም ነው። ስትሮክ የመታቸው አንድ አባት ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ይታገላሉ። ቁልፉ ቀዳዳው አፍ ላይ ይደርስና ያመልጣቸዋል። ግንባራቸው አላበው፤ እኔንም አላበኝ።

ያደግሁት ምዕራብ ዓባያ፣ ብርብር ነው። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ውኃ እንኳ ራሱ አይቀዳም። ከደጋው በቃሬዛ ሲወርድ ተሸካሚ ይቀያየራል እንጂ አይታጣም። በሽተኛን ማጉረስ ጽድቅ ነው ተብዬ አድጌአለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ታዲያ ቆሜ ማየቴ ምንድን ነው? ጭካኔ ነው?

በሁዳዴ ቤት ስመለስ አያቴ ቀኝ ጎኗ ሰንፎ ጠበቀችኝ። በግራ እጇ እህል አልነካም ስላለች አክስቴ ታጎርሳታለች። ያ እሑድ መጻጉዕ ነበር፣ የጾሙ አራተኛ ሰንበት። 38 ዓመት የተኛው ሰው ታሪክ ሲነበብ ሐሳቤ አልጋው ላይ ቀረ። ጌታ አስቀድሞ ፈቃዱን ጠየቀው፤ ከዚያ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው። ከዳነ በኋላ አልጋው ምን ያደርግለታል? እዚያው ቢተወው ማን ይጠይቀው ነበር? እንዲያውም በሰንበት በመሸከሙ ተነቀፈበት። መምህራን የመዳኑ ምስክር ነው ይላሉ፤ እቀበላለሁ። ግን ያን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ሥራ ያላዘዘው ሰው ነው። ከጤናው ጋር ሥራም ተሰጠው።

የማይድነውስ? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የአያቴ ቀኝ እጅ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ተነሺና ተሸከሚ የምል እኔ ማን ነኝ?

ሰኞ ከጓሮ የሽፈራው ቅርንጫፍ ቆርጬ ጉልበቷ ላይ አኖርኩ። ምንም አላልኩም። ብዙ ቆየች። ከዚያ የሰነፈውን እጇን በግራዋ አንሥታ ግንጣዩ ላይ እንደ ድንጋይ ጫነችውና ቅጠሉን በግራዋ ሸመጠጠች። ግማሹ መሬት ወደቀ። ቢጫውን እየለየች ወረወረች። አክስቴ ልትረዳት ስትጠጋ፣ «ተይ፣ አንቺ አትለዪም» አለቻት። ያቺ ቤት ውስጥ ለወራት እንደዚያ ያለ ቁጣ አልተሰማም ነበር። አክስቴ እንባዋ መጣ። ለፍቅር ስትል የወሰደችባት ሥራ መሆኑን እኔ ልነግራት አልደፈርኩም፤ ያጎረሰችውም እጅ የተቀደሰ ነውና።

ማታ በዚያ ቅጠል የተሠራውን ኩርኩፋ ያጎረሰቻት አክስቴ ናት። ቅጠሉ ጥሩ መብሰሉን፣ ጨው ግን ማነሱን የነገረችን አያቴ ነበረች።