ስለ ሌላው ማዕድ መገመት

የአርዲቦን ውኃ ጥልቀት የለካ ሰው፥ በዳርቻው ያለው ሕዝብ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ አወቀ አይባልም። የቢኪኒ ደሴት ነገር ይህን ያሳስበኛል።

በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የአቶም ቦምብ ሊሞክሩባት 167 ነዋሪዎቿን አስወጡ። በ1968 ጉዳት የለባትም ተባለ፤ ጥቂት ቤተ ሰቦችም ተመለሱ። ሊቃውንቱ የጨረሩን መጠን ሲያሰሉ ሰው የሚበላውን የኮኮናት ፍሬ እጅግ አሳንሰው ገምተው ነበር። አዲስ የተተከለው ዛፍ ባፈራ ጊዜ ግን ሕዝቡ እንደ አባቶቹ በላ፥ ጠጣም፤ ሴዚየም የሚባለው የቦምቡ ትራፊ ከአፈሩ ወደ ፍሬው፥ ከፍሬውም ወደ ሰውነታቸው ገባ። በ1978 ዳግመኛ ከአገራቸው ወጡ።

ስሌቱ ተሳሳተ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ቁጥሩን ያወጣው ሰው ከዚያ ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ የሚበሉትን መጠየቅም ይቻለው ነበር። እንግዲህ ሳይጠይቅ የገመተውን ከበደል ንጹሕ ነው ለማለት አልደፍርም።