የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ልጆቹን ዱባይ ከመውሰዳችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ አንዴ ላስቸግር» አለኝ። ሱቅ አለው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ትልቋ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ገና አንድ ዓመቱ። ልጅቷ የአጎቷ ልጆች ዱባይ የተነሱትን ቪዲዮ ካየች ወዲህ ጠዋት ማታ «አባዬ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች መፈናፈኛ አሳጥታዋለች። ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ልጆቼን ወስጄ ባጫውት ኢስራፍ ይሆንብኛል?»

ዛሬ እሱን አስፈቅጄ ታሪኩን የማካፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ይህን ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ ስለምትዞሩ ነው። አንዳንዱ እያፈረ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሳያስብ ይሄዳል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ጨዋታው ራሱ። ልጅን ማጫወት ከዲን የራቀ ነገር አይደለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከለል አድርገው እስኪበቃት ድረስ እንድታይ ቆመውላታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አስቡት፤ ያ ጨዋታ የእኛው ሰዎች ጨዋታ ነበር! የልጅ ልጃቸው ሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ ሲወጣ ደግሞ ልጁን ላለማቋረጥ ሱጁዱን አርዝመዋል። ለቤተሰብ የሚወጣን ገንዘብም ምንዳው ከሁሉ የሚበልጥ ወጪ ብለው አስተምረውናል። ስለዚህ ወንድሜን «ዱንያ ነው፣ ተወው» አላልኩትም።

ነገር ግን ድንበር አለው። አላህ በሱረቱል ፉርቃን የአር-ረሕማንን ባሮች ሲገልጽ፣ ገንዘብ ሲያወጡ እንደማያባክኑ፣ እንደማይሰስቱም፣ አካሄዳቸው በሁለቱ መካከል እንደሆነ ይነግረናል። መካከሉ የት እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ደብተር ተከፍቶ፣ እስክሪብቶ ተይዞ ነው የሚታወቅ። እኔም ወንድሜን «ነገ ደብተር ይዘህ ና» አልኩት።

በማግስቱ መጣ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትኬት፣ ሆቴል፣ የፓርክ መግቢያ ብሎ ጽፏል። «ይሄ ሁለተኛው ገጽ ነው» አልኩት። «የመጀመሪያው ገጽ ሦስት መስመር ነው፦ ዕዳ፣ ዘካ፣ ባንተ ላይ ሐቅ ያላቸው ሰዎች።»

«ዕዳ አለብህ?»

«የለብኝም» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ዝም አለና «ማለቴ... የእህቴ አለ። እሱ ግን የቤተሰብ ነው» አለ።

እህቱ ኢማራት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን እናቷ ጋ ትታ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሱቁን ሲያሰፋ 5,000 ድርሃም አበድራዋለች። በስድስት ወር እመልሳለሁ ብሎ ነበር። «ጠይቃኝ አታውቅም» አለ። እኔም «አለመጠየቋ ትታልሃለች ማለት ነው?» አልኩት። መልስ አልነበረውም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። «የቤተሰብ ነው» የምንላት ቃል ስንቱን ሐቅ በልታብናለች! የባንክ ዕዳ ቀኑ ሲደርስ ያንቀጠቅጠናል፤ የእህት ዕዳ ግን እህት ስለማትጮህ ይረሳል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ሲባሉ፣ ባለዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ አስረድተዋል።

ሌላም ነገር ወጣ። ወንድማችን ዕዳውን በስልኩ የመዘገበው በብር ነው፦ 73 ሺህ ብር ገደማ፣ በተቀበለበት ቀን ምንዛሬ። እሷ ግን ያበደረችው ድርሃም ነው፤ የተስማሙትም በድርሃም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ስለዚህ ያ 5,000 ድርሃም በዚያ ሰሞን ከ140 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። የተበደርከው ድርሃም ከሆነ ዕዳህ ድርሃም ነው፤ በብር ብትከፍልም በምትከፍልበት ቀን ዋጋ ነው። ለዱባይ ያጠራቀመው ገንዘብ፣ ሳያውቀው፣ አብዛኛው የእህቱ ገንዘብ ነበር። ልጆቹን ሊያጫውት ያሰበው እሷ የሰው ልጅ በምታሳድግበት አገር፣ በእሷው ላብ ነበር ማለት ነው።

ያን ምሽት ተክዞ ሄደ። በሳምንቱ ከፈላት። ለልጁም «በሚቀጥለው ክረምት ኢንሻአላህ» አላት። አለቀሰች። ልጅ ስታለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ የሰው ሐቅ ይዞ አላህ ፊት መቆም ግን ይከብዳል።

ዕዳችሁ ጊዜው ያልደረሰ ከሆነ፣ ወይም አበዳሪያችሁ ከልቡ «ሂዱ» ካላችሁ ችግር የለም። ግን ከልቡ ይሁን። ይሉኝታ ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው መስመር ዘካ ነው። ለጉዞ የምታጠራቅሙት ገንዘብ ብቻውን ወይም ካላችሁ ሌላ ገንዘብ ጋር ተደምሮ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ዘካ አለበት። «ለልጆቹ ያስቀመጥኩት ነው» ማለት ዘካውን አያነሳም። የራሳችሁን ሁኔታ በአቅራቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ።

ሦስተኛው፣ ባለ ሐቆች። እናታችሁ መድኃኒት እየገዛች ነው? የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ተይዟል? የጉዞ ገንዘብ ከእነዚህ የተረፈው እንጂ ከእነዚህ የተቀነሰው መሆን የለበትም። በወለድ ብድር መሄድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ! የአራት ቀን ሳቅ በሪባ አይገዛም። ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች አሉ፤ በሌሎች ባንኮችም መስኮቱ ተከፍቷል። ከታመኑ ሰዎች ጋር ዕቁብ መግባትም የአባቶቻችን ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ እንምጣ። ወንድማችን እንደገና ሲያጠራቅም አብረን የጻፍነውን ላካፍላችሁ፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል።

ሒሳቡን በድርሃም ጻፉ። ጠቅላላው ለምሳሌ 9,000 ድርሃም ከሆነና 18 ወር ካላችሁ፣ በወር 500 ድርሃም ነው። በየወሩ በዕለቱ ምንዛሬ ወደ ብር እየመታችሁ አስቀምጡ፤ ምንዛሬው ሲለወጥ የመጨረሻው ወር ላይ አትደነግጡም። ከጠቅላላው ከአሥር አንድ ያህሉን ለድንገተኛ ለዩ። ትንሽ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ትኩሳት ሊገጥመው ይችላል።

ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬትና ሆቴል አትግዙ። ትኬት ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እቅፍ ላይ ከተቀመጠ የሚከፈልለት ጥቂት ነው። ግን ስትመለሱ ሁለት ዓመት ሞልቶት ከሆነ መቀመጫ ያስፈልገዋል። የወንድማችን ትንሹ ልጅ በ23 ወሩ ሄዶ ተመለሰ። አንድ ወር ቢዘገዩ ኖሮ ወጪው ሌላ ነበር።

ጊዜውን አስቡ። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። ለዚህ ነው ሆቴሉ የሚረክሰው። በዚህ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ጣሪያ ያለውን ፓርክ ምረጡ። ዱባይ ያለው አይኤምጂ፣ አቡ ዳቢ ያስ ደሴት ያሉት ፌራሪ ወርልድና ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ናቸው። ሌጎላንድ ዱባይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጨዋታው ግን ደጅ ስለሆነ ለቀዝቃዛው ወቅት ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የልጆቻችሁን ቁመት ለኩ! ፓርኮች ብዙ ጨዋታዎችን በቁመት ይገድባሉ። ፌራሪ ወርልድ ያለው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበረው ባቡር በማስታወቂያ ያምራል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን አትሳፈርበትም። ልጃችሁ ለማይገባበት ጨዋታ ትከፍሉና በር ላይ ታለቅሳላችሁ፤ እሷም እናንተም።

አንድ ፓርክ ለአንድ ቀን፣ በመካከሉ የዕረፍት ቀን። ትንሽ ልጅ በተከታታይ ሦስት ቀን አይችልም፤ የከፈላችሁበትን ቀን ተኝቶ ያሳልፈዋል። የሕፃን ጋሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ኪራይ አለው። አብዛኞቹ ፓርኮች ከውጭ ምግብ አያስገቡም፤ የሕፃን ምግብ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ የቤተሰቡን ምሳ በበጀቱ ውስጥ ጻፉት።

ዴራ ርካሽ ሆቴልና የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ነገር ግን ሌጎላንድ ከዚያ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሆቴል ላይ ያተረፋችሁትን ታክሲ እንዳይበላው አስሉ። ሆቴሎች በየሌሊቱ ለአንድ ክፍል ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ ይጨምራሉ። ሜትሮ ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ነው።

ደግሞ ነፃውን አትርሱ። የባሕር ዳርቻው አለ፤ አቡ ዳቢ ያለው የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጂድም መግቢያው በነፃ ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልጆቻችሁ ከዱባይ ሲመለሱ ባቡሩን ብቻ ሳይሆን የአላህን ቤትም ያስታውሱ።

የጨዋታዎቹ መውጫ በር ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ነው የሚያስወጣው። ይሄ በዘፈቀደ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ገና ከቤት ሳትወጡ የተወሰነ ገንዘብ ስጡ፤ «ይሄ ያንተ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ» በሉ። የስድስት ዓመት ልጅ መምረጥን ይማራል። ተርቢያ ማለት ይሄ ነው።

ጊዜም በጀት አለው። ዙህርና ዐስርን አስቀድማችሁ በዕለቱ ፕሮግራም ላይ ጻፉ፤ በዚያ አገር መስገጃ ቦታ አይጠፋም። መንገደኛ ሶላት የሚያሳጥርበትን ሕግ ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። ለጨዋታ አንድ ሰዓት ተሰልፎ ሶላት የሚያሳልፍ አባት ለልጁ ምን እያስተማረ እንደሆነ ራሱ ይፍረድ።

የመጨረሻው ወጪ ደብተር ላይ አይጻፍም፤ እሱም ኒያ ነው። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ልባችሁን ጠይቁ፤ ለልጆቼ ነው የመጣሁት ወይስ ለሰው ዓይን? የምትለጥፉትን ፎቶ የማይችል ጎረቤት ልጅ ያየዋል፤ የወንድማችን ጣጣም የጀመረው ከእንዲያ ዓይነት ቪዲዮ ነው።

ታሪኩን ልጨርስላችሁ። በነሐሴ 2017 ሄዱ፤ ሰባት ቀን የታሰበው አራት ቀን ሆኖ። በበጀቱ ላይ አንድ የአዋቂ መግቢያ ጨምረው ነበር። እህቱ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ መጣች። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ፓርክ በር ድረስ ብዙ ጊዜ መጥታለች፤ የአሠሪዎቿን ልጆች ጋሪ እየገፋች። ለራሷ በተቆረጠ ትኬት ስትገባ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። የወንድሟን ልጅ አቅፋ ተሽከርካሪው ፈረስ ላይ ስትወጣ አለቀሰች አለኝ። «ኡስታዝ፣ ባለፈው ዓመት ብሄድ ኖሮ እሷን ለማግኘት አፍር ነበር» አለኝ።

ውድ እህት ወንድሞቼ! እዚያ ስትሄዱ የሰው ልጅ ጋሪ የምትገፋ ሐበሻ እህት ታያላችሁ። ሰላም በሏት፤ ስሟን ጠይቋት። እንዳላያችሁ ሆናችሁ አትለፉ።

አቅሙ የሌላችሁ ደግሞ አትዘኑ። ጨዋታ የአየር ትኬት አይጠይቅም። እንጦጦ ፓርክ አለ፣ አንድነት ፓርክ አለ፣ የሰፈር ሜዳ አለ። ልጅ የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ቦታውን ሳይሆን አባቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ አብሮት የሮጠበትን ቀን ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን አንብቡ፣ በነብያችን ላይ ሶላዋት አብዙ። ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ደብተር ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉ። «የቤተሰብ ነው» ያላችሁት ዕዳ ካለ ደውሉ፤ ዛሬውኑ።

አላህ ሆይ! ከሐላልህ አብቃቃን፤ በሰጠኸን ላይ በረካ አድርግበት። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ አድርግልን። በስደት ያሉ እህቶቻችንን ጠብቃቸው፣ በሰላም ለቤታቸው አብቃቸው። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ! ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።