ፈረሱ ስም አለው፤ ገሪውስ?

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ፤ በፈረሳቸው ስም ግን «አባ ታጠቅ» እየተባሉ ዛሬም ይወሳሉ። ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላም «አባ ነጋ» ናቸው። ታዲያ የእነዚያን ፈረሶች ገሪ ስንቶቻችን በስም እናነሳለን?

እስቲ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ፈረስ ገሪ እናስብ። ባዝራዋ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ውርንጭላው ኮርቻ እስኪችል 3 ዓመት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ልጓም ማስለመድ፣ ቀጥሎም ልጁን እርካብ ማስረገጥ ይመጣል። ገሪው የሚያስተምረው ሁለቱን ነው፤ ፈረሱ እንዳይደነብር፣ ልጁ እንዳይኩራራ። በጥምቀት ጉግስ እልልታው ግን ለጋላቢው ነው።

ይህ ግፍ ነውን? አንዳንዶቻችን «እሱ ራሱ ምስጋና መች ጠየቀ?» እንላለን። እውነት ነው፤ አልጠየቀም። ግን አስተማሪ ምስጋና አለመጠየቁ የሱ ጨዋነት ነው፤ የኛን ዕዳ አይፍቅም።

ሩቅ አንሂድ። ፊደል ያስቆጠሩንን መምህር «የኔታ» ብቻ እያልን አደግን። ስማቸውን ጠይቀን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ነገ ዲግሪ ይዘን ከመጋለባችን በፊት፣ ለክረምት አገር ስንገባ፣ እንጠይቅ። በሕይወት ሳሉ።