ለሞት የሚጠበቅ ፍጥረት ምን ይገባዋል?

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በእህል በረንዳ በኩል የሚያልፍ ሰው፥ አይጥ እንደምን ያለ ጠላት እንደ ሆነ ከነጋዴዎች አፍ ይሰማል። ጆንያ ቀድዶ ጤፍ ያፈሳል፤ ከሚበላውም የሚያበላሸው ይበዛል። ስለ አይጥ ደኅንነት የሚጨነቅ ሰው በዚያ ቢገኝ መሳቂያ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ቦታው ሲለወጥ የፍጥረቱም ዕድል ይለወጣል። በጉለሌ ባለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጭ አይጦች ለምርምር ይራባሉ፤ በውጭ አገርም እባብንና ጭልፊትን የሚያኖሩ ሰዎች ለእነዚሁ ምግብ የሚሆን አይጥ በግቢያቸው ያረባሉ።

ፊደል ያስቈጠርሁት አንድ ወጣት ዛሬ አይጥ በማርባት ሥራ ያድራል። በራጉኤል ቅጽር አግኝቶኝ፦ «የኔታ፥ ሌሊት ከድመት እጠብቃቸዋለሁ፤ ጧት ለሞት አሳልፌ እሰጣቸዋለሁ። እንግዲህ እኔ ጠባቂ ነኝ ወይስ አራጅ?» አለኝ። በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም።

ስለ ሥራው ብጠይቀው ብዙ ነገር አስረዳኝ። የአይጥ ቤት በደጅ ሲሆን ሸለምጥማጥ፥ ድመትና እባብ ይከቡታል። ግልገል አይጥ 6 ሚሊሜትር በምታህል ቀዳዳ ያልፋልና የሽቦው ወንፊት ከዚህ የጠበበ ሊሆን ይገባል። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ድመት ከሽቦው ውጭ ሆና ብታንዣብብ እንኳ የደነገጠች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች። ስለዚህ ከጥርስ ብቻ ሳይሆን ከፍርሃትም የሚጋርድ ሁለተኛ አጥር ያስፈልጋል። የዱር አይጠ መጎጥ ደግሞ ደም የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ይዞ ይገባል። ተባዩ ቀን በጉዝጓዝና በስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ስለሚወጣ፥ ጉዝጓዙን ሳይለውጡ አይጡን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው።

«ነገ ለሚሞት ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። የቅኔ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ አንጥረኛውም ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል ብሎ በቸልታ አያበጀውም። ምሳሌው ግን እስከዚህ ብቻ ይሄዳል፤ ሰም አያመውምና። አይጥ ግን ያመዋል፤ ዛሬ የሚያሳክከው ተባይ በነገው ሞት የሚሰረዝ ዕዳ አይደለም። በኦሪትም እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ሲታዘዝ፥ በሬው ወደፊት ይታረድ አይታረድ አልተጠየቀም።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ጠባቂ ከሽቦ ይልቅ መርዝ ይቀናዋል። መርዝ የበላውን አይጠ መጎጥ ጉጉት ወይም ድመት ብትበላው እርስዋም ልትሞት ትችላለች። ሸለምጥማጥ የመጣችው እንጀራዋን ፍለጋ ነው፤ እኛ ለራሳችን እባብ ያስቀመጥነውን እርስዋ ብትመኘው ምን ኃጢአት አለባት? በር መዝጋት መብታችን ነው፤ ከበራችን ውጭ ላለው ሁሉ ሞት መበተን ግን መብታችን አይመስለኝም።

በሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ ለወጣቱ ብነግረው፦ «አሳልፌ የምሰጥበትስ ቀን?» አለኝ። «ፈጥኖ በማያሠቃይ እጅ ይሁን፤ ለእባብም ሕያው አድርገው አይጣሉት» አልሁት። እርሱም ሕያው አይጥ እባቡን ነክሶ የሚያቈስልበት ጊዜ እንዳለ ነገረኝ። ጠባቂ ነህ ወይስ አራጅ ነህ ብዬ ግን አልፈረድሁለትም፤ እርሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ጉዝጓዝ የሚለወጥበት ሰዓት ደርሷል ብሎ ተሰናብቶኝ ሄደ።