ስለ ሕሙማን ምግብ

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣት ጊዜ በዚያ የነበሩት ሁሉ ሲደነቁ፣ እርሱ ግን ለብላቴናይቱ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ። ሙታንን የሚያስነሣ አምላክ የአንዲት ብላቴና ረኃብ አልዘነጋም፤ በዚህም ደካማን መመገብ ታናሽ ሥራ እንዳይደለ አስተማረን።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ያነሣነው ስለ ካንሰር ሕሙማን ነው። ይህ ደዌ በብዙዎች ላይ ሰውነትን ያከሳል፣ ጡንቻንም ያመነምናል። ቤተ ሰብም «እንቢ ብሎ ነው እንጂ ቢበላ ይበረታ ነበር» እያለ በሽተኛውን ይወቅሳል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን ግን ደዌው በሰውነት ውስጥ የሚያስነሣው ብግነት የምግብን ፍላጎት ይዘጋል፣ ጡንቻንም ያፈርሳል፤ ስለዚህ ክሳቱ በምግብ ብቻ ፈጽሞ አይመለስም። በ6 ወር ውስጥ ሳይፈልግ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ በላይ የቀነሰ፣ ይኸውም 60 ኪሎ የነበረ ከ57 በታች የወረደ ሰው፣ ሳይዘገይ ለሐኪሙ ይንገር። የአፍ ቍስል፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ሲታከሙ መብላት ይቀላልና።

በቤትም ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ከማቅረብ ይልቅ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ደጋግሞ መስጠት ይሻላል። ዕንቍላል፣ ወተት፣ ዓሣና ሥጋ፣ እንዲሁም ሽሮና ምስር ጡንቻን ይደግፋሉ። አቅም ያለውም ጥቂት ይራመድ፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ፈጥኖ ይሟሽሻልና።

ነገር ግን «ጾሜን ገድፌ በአምላክ ፊት እንዴት እቆማለሁ» ብለው ወተቱን የሚመልሱ አሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ ሆኖም ፍትሐ ነገሥት ጾምን በሚያዝበት አንቀጽ ሕመምተኛን ከጾም ነጻ አድርጎታል። ጾም የበረታውን ሥጋ ለነፍስ ለማስገዛት ተሠራ እንጂ ደዌ ያደከመውን ለማጥፋት አልተሠራም። እንግዲህ የንስሐ አባት እስኪጠየቅ አይጠብቅ፤ ቀድሞ ሄዶ ልጁን ያጽናናው፣ ይፍታውም። ጸሎትና ይቅርታ ማድረግ ለሕሙሙ ጾም ይሁኑለት።

የመጨረሻው ሰዓት ሲቀርብ ግን ማስገደድ ጭንቅን ይጨምራል እንጂ ዕድሜን አይጨምርም። ያን ጊዜ ከንፈሩን በውሃ ማራስና እጁን ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ታምሜም ጠይቃችሁኛል ከሚባሉት ወገን እግዚአብሔር ይደምረን፤ አሜን።