ድገመው

የእንጦጦ ፓርክ ሳይከፈት፣ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ዘነቡ የምትባል ወጣት ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ እያወረደች ትሸጥ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ገመዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ትወጣለች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ተራራውን ካለበሰው ባሕር ዛፍ ሥር ስትለቅም ትውልና፣ ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተሰልፋ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁለቱን ይዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። ሰፈሩ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴቶች ምጣዳቸው ሥር የሚማግዱት ይህንኑ ቅጠል ነው።

ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይረዝማል። ጀርባ ላይ አግድም ይተኛል፤ ገመዱ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ይታሰራል። የተሸከመች ሴት ወገቧ ታጥፎ ነው የምትሄደው። ቀና ልበል ካለች ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላታል። ስለዚህ ዘነቡ ከተማውን የምታውቀው ከጉልበት በታች ነበር፤ አስፋልቱን፣ ቦዩን፣ የሚኒባሱን ጎማ፣ የሰውን ጫማ።

የሸማኔዎቹ ሱቆች ከመጀመራቸው ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ድልድይ ነበረች። ጎረምሶች ጠርዟ ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ዘነቡ የአንዳቸውንም ፊት አይታ አታውቅም። አንዱ ነጭ ሸራ ጫማ ያደርጋል። አንዱ ኮንጎ። ሦስተኛው ተረከዙ የተበላ ነጠላ ጫማ። ከእነሱ ማዶ፣ ከሱቁ በር ላይ፣ በደንብ የተወለወለ ቡኒ የቆዳ ጫማ ይቆማል። ቡኒው ጫማ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ጎረምሶቹ ሲጋራ በፍሬ፣ ለስላሳ በዱቤ የሚወስዱት ከእሱ ነው።

ሁልጊዜ የሚጀምረው ነጭ ሸራው ነው።

«እናቷ! ትንሽ አረፍ በይ እንጂ!»

ዝም ትላለች።

«ማሬ፣ እንዲህ የምትጎነበሺው ለማን ነው?»

ይሳቃል። አሁንም ዝም ስትል ቃሉ ይገለበጣል።

«ደሞ ትኮራለች! ቅጠል ተሸካሚ!»

ያኔ ኮንጎው ከጎን ብቅ ብሎ ከሸክሙ መሐል አንዷን ጭራሮ ሳብ ያደርጋል። ለእሱ ጨዋታ ነው። ዘነቡ ግን ሸክሙ ባንድ ጎን ያጋድልባትና ሁለት ሦስት እርምጃ ትንገዳገዳለች። ሳቁም የሚደምቀው ያኔ ነው።

ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እማማ ጥሩነሽ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ብለው ያልፋሉ፤ ወጣቶቹንም እንዲሁ ይመክራሉ። አበበች አንድ ቀን መልሳ ተሳድባ እስከ ገበያው ድረስ ተከትለዋት ነበር፤ የቅጠል ገዢዎቿ ፊት የጮሁባትን ስድብ ከዚያ በኋላ ለማንም አልነገረችም። ጸዳለ መንገድ ቀይራ በገደሉ በኩል ትዞራለች። በዚያ በኩል የጫካው ጥበቃዎች ገመዷን ይነጥቋታል፤ ገመዱን ለመመለስ የሚጠይቋት ነገር ደግሞ ከስድቡ ይብሳል። ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ብርቄ የእናቷን ሰፊ ቀሚስ በላይ ደርባ፣ ፊቷን በሻሽ ተከናንባ መውረድ ጀመረች። «አሮጊቷ መጣች!» ብለው ሳቁባት። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ድልድይዋ ጋ ሲደርሱ የሚያነጋግራቸው ሳይኖር ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያልፋሉ።

ዘነቡ ዘዴ አልነበራትም። ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ይላታል።

አንድ ነገር ሁሉም ያውቃሉ፤ መንገድ ላይ ሸክም አይወርድም። «የወረደ ሸክም ለብቻ አይነሳም» ይላሉ እማማ ጥሩነሽ። «ማን ያነሳልሻል? ገበያው ይበተናል። ያልተሸጠ ቅጠል ታቅፈሽ ታድሪያለሽ።» እውነታቸውን ነው። ተራራው ላይ እንኳ ሸክም የሚወርደው ከፍ ያለ ድንጋይ ሲገኝ፣ ጀርባን አስደግፎ ነው።

አንድ ሐሙስ ኮንጎው እንደ ልማዱ ጭራሮ ሳበ። ዘነቡ ተንገዳገደችና ጉልበቷ አስፋልቱን መታው። ነጭ ሸራው አጠገቧ መጥቶ፣ እዚህ የማይጻፍ ነገር አላት።

ተነስታ መሄድ ትችል ነበር። ሸክሙ ገና ጀርባዋ ላይ ነው፤ ገበያውም ቅርብ ነው። ስንት ጊዜ እንዲሁ ተነስታ ሄዳለች። እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ የገመዱን ቋጠሮ ያዘች።

«ዘነቡ! ተይ! አይሆንም!» አሉ እማማ ጥሩነሽ ከኋላ።

ቋጠሮውን ፈታችው።

ሸክሙ ድም ብሎ ወረደ። አቧራው ተነሳ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ መንገዱን ሞላው። ዘነቡ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ቀና አለች። ቀና ብላ ስትጨርስ ከነጭ ሸራው በግማሽ ጭንቅላት ትበልጥ ነበር። ጺሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ነው።

«ጎንበስ ብዬ ስለነበር ፊትህን አላየሁትም» አለችው። «አሁን ቀና ብያለሁ። ድገመው።»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ጓደኞቹ ወደ ቦዩ ያያሉ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ብለሃል። ይኸው ቆሜልሃለሁ፤ ዘነቡ እባላለሁ። ድገመው።»

ነጭ ሸራው አንገቱን ደፋ። የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር።

ባለሱቁ ከበሩ ላይ ተጣሩ። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? መንገዱን ዘጋሽው እኮ!»

ዘነቡ መጀመሪያ እግራቸውን አየች። ከዚያ ፊታቸውን አየች፤ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ» አለች። «ቡኒ ጫማ። በየቀኑ እዚህ በር ላይ ነበሩ።»

ባለሱቁ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚመልሱት አጡ።

ያኔ ከኋላ ሌላ ድም ተሰማ። አበበች ነበረች። ሸክሟን ጥላ፣ ወገቧን ይዛ፣ ቀና አለች። ቀጥሎ ብርቄ። ቀጥሎ ሌላዋ። ቁልቁለቱን ይዞ የወረደው ሰልፍ በሙሉ ከላይ እስከ ታች እየተከታተለ አወረደ። ያላወረዱት እማማ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው፤ ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ጠርዝ ይዘው እያጉረመረሙ ቆሙ።

አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «እናቶች፣ አንሱልን እንጂ!» እያለ ወረደ። ከኋላው ሌላ መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። ከሚኒባሱ መስኮት የሆቴል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አበበች ነገረቻት።

«እኛ ጋ እኮ አሁን በአዋጅ ተከልክሏል» አለች ሴትየዋ። «አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፤ ጾታዊ ትንኮሳ ብሎ በስሙ ጠርቶታል። በሥራ ቦታ ላይ አይቻልም።»

«የእኛ የሥራ ቦታ ይኼ መንገድ ነው» የሚል ድምፅ ከአንድ ሸክም ሥር ተሰማ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ሴትየዋ የምትለው ጠፍቷት ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ከሚኒባሱ ወርዳ ለብርቄ ሸክሙን ባንድ በኩል ያዘችላት።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተሸካከሙ። አንዷ ታነሳለች፣ አንዷ ትጎነበሳለች፣ ገመድ ይታሰራል፤ የተሸከመችው መንገዷን ትቀጥላለች። በመጨረሻ ዘነቡ ብቻዋን ቀረች። ለሁሉም አንስታ ለእሷ የሚያነሳ የለም። ሚኒባሱ አልፏል። ጎረምሶቹ ጠርዙ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ባለሱቁ ደረጃቸውን ወረዱ። መንገዱን ተሻግረው የሸክሙን አንድ ጫፍ ያዙ።

«አንተ! ና በዚያ በኩል ያዝ» አሉት ነጭ ሸራውን። መጣ። ሁለቱ ብድግ ሊያደርጉት ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ እንደገና ሞክረው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። ባለሱቁ ዕድሜያቸውን ሁሉ ስኳርና ጨው ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይኼ ከ30 ኪሎ ያልፋል» አሉ ቀስ ብለው።

«የዛሬው ቀለል ያለ ነው፣ ጋሼ» አለች ዘነቡ ጎንበስ እያለች።

ገበያ ስትደርስ መሽቷል። ቅጠሉን በግማሽ ዋጋ ሰጠችው። «አላልኩሽም?» አሏት እማማ ጥሩነሽ። «ብለውኛል» አለች። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም፤ አሮጊቷ ግን ማታ ቤቷ ድረስ በቆሎ ቆሎ ላኩላት።

በማግስቱ ድልድይዋ ላይ ጎረምሶቹ ነበሩ። ነጭ ሸራው ዝም አለ፤ ኮንጎው ግን ከሴቶቹ ኋላ ሆኖ፣ ማን እንዳለው እንዳይታወቅ፣ አንድ ቃል ወረወረ። ዘነቡ ቆመች። እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ድም! ከኋላዋ ድም፣ ድም፣ ድም! ሴቶቹ አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። ቀና ብለው ቆሙና የኮንጎውን ፊት ፈልገው አገኙት። «ድገመው» አለች አበበች። አልደገመውም። በሦስተኛው ቀን ኮንጎው ከድልድይዋ ጠፋ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በየቀኑ ማውረድ ማለት በየቀኑ መዘግየት ነው። አንዳንዶቹ ባሎቻቸው ተቆጧቸው። ሁለቱ «እኛ አንችልም፣ ልጆች አሉን» ብለው ቀድመው መውረድ ጀመሩ፤ ማንም አልፈረደባቸውም። ግን ሸክም የሚወርድበት ቀን እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ብርቄ የእናቷን ቀሚስ አወለቀች። ጸዳለ የገደሉን መንገድ ትታ ከሰልፉ ተቀላቀለች። ባለሱቁ ግንበኛ ጠርተው ከሱቃቸው ጎን በወገብ ልክ የድንጋይ መደብ አስገነቡ፤ አንዲት ሴት ጀርባዋን አስጠግታ ሸክሟን ሳትፈታ የምታሳርፍበት፣ ስትፈልግም ያለ ረዳት የምትነሳበት። ግንበኛው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ለደንበኛ» አሉት። የሱቁ በር ላይ አንድ ጀሪካን ውኃና ጣሳ መቀመጥ ጀመረ።

ጥር ሲገባ ዘነቡ ለወንድሟ ሠርግ ወደ ሰላሌ ሄደች። በዚያው ሳምንት ድልድይዋ ላይ አንድ እንግዳ ጎረምሳ ተቀምጦ ነበር፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው፤ ነጭ ሸራው ጎን። ሴቶቹ ሸክማቸውን ይዘው እየወረዱ ነው። ከፊታቸው ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ደብተሯን በደረቷ ይዛ ታልፋለች።

እንግዳው አፏጨ። ከዚያ ስለ ሰውነቷ አንድ ነገር ተናገረ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ዝም በል!» አለው ነጭ ሸራው በሹክሹክታ። «አታውቅም እንዴ?»

«ምኑን?»

ድም!

የመጀመሪያዋ አበበች አልነበረችም። ጸዳለም አልነበረችም። እማማ ጥሩነሽ ናቸው። በሕይወታቸው መንገድ ላይ ሸክም አውርደው የማያውቁት እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀና ማለት ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሰልፉ በሙሉ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ተማሪዋም ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ቆመች።

ነጭ ሸራው ከጠርዙ ዘሎ ወርዶ ወደ ሸክማቸው ሮጠ። «እማማ፣ እኔ ላንሳልዎት።»

«ቆይ፣ ልጄ» አሉት አሮጊቷ፣ ዓይናቸውን ከእንግዳው ላይ ሳያነሱ። «መጀመሪያ ይድገመው።»