ዐሥሩም አንቀላፉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን ስለ ዐሥሩ ደናግል በሰጠው ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ያንቀላፉት አምስቱ ሰነፎች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ልባሞቹም አብረው ተኝተዋል። እንግዲህ የተነቀፈው እንቅልፉ አይደለም። ልዩነቱ የተደረገው ከመተኛታቸው አስቀድሞ፥ ለመብራቱ የሚሆነው ዘይት በማሰሮ በተያዘበትና ባልተያዘበት ሰዓት ነው። ይህን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን በእውነት የገባን በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት መሆኑን ለምእመናን ስንናገር አናፍርም።

ፍል ውሃዋ ሕሙማንን ከሩቅ በምትሰበስበው በወንዛዬ አካባቢ ክረምት ሲገባ ምድሩ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ጉማራም ሲሞላ ወደ ጣና በሚወርድበት በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል። በዚያ ወራት ደካማ መኪና ማንቀሳቀስ ድካም ብቻ ነው። እኛም አንዲት ቮልስዋገን አለችን፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ እንደ ተሠሩት እንደ ብዙዎቹ እኅቶቿ በ6 ቮልት የምትሠራ ናት። ሰኔ ሲያልቅ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር አቆምናት፤ ሸራ አለበስናት፤ ቁልፏን ከግድግዳ ላይ ሰቅለን ወደ ሥራችን ተመለስን። ማረፏ ጥፋት አልነበረም፤ ዐሥሩም አንቀላፍተዋልና።

በመስከረም መጀመሪያ፥ የመንገዱ ጠጠር ገና መታየት ሲጀምር፥ አንዲት ጐረቤታችን በሌሊት ምጥ ጠናባት። ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እናድርሳት ብለን ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው ድምፅ እንኳ አላሰማም። በግፊ እናስነሣት ብንል መንኰራኵሯ በግቢው ጭቃ ሰጠመ። አንድ ደግ ሰው የቤቱን የፀሐይ መብራት ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ ደረሰልን፤ ነገር ግን የርሱ 12 ቮልት፥ የእኛ 6 ቮልት ነውና ማገናኘቱን አልደፈርነውም። ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን ለማካፈል እንቢ ማለታቸው ከንፍገት ይመስለን ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ባለቤቱ ሊሰጥ እየወደደ የማይበደር ነገር መኖሩን ተረዳን። ሴቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወጧት። እርሷ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልቈየልንም። መኪናዋ ብትነሣ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለን ለመናገር አንደፍርም። ማድረግ የሚገባንን አለማድረጋችንን ግን እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ አንድ የመኪና ባለሙያ የባትሪውን ጠባይ አስረዳን። ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. እንዳበጀው እስከ ዛሬ በእርሳስ ሰሌዳና በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ነው። ማንም ባይነካው እንኳ ኀይሉ ቀስ በቀስ ይጐድላል። በጐደለም መጠን በሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ያድርባቸዋል። ይህ ነገር ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟል፤ ለሳምንታትና ለወራት ከተተወ ግን ይጠጥራል፥ ከዚያም ወዲያ ማንኛውም ኀይል በቀላሉ አይፈታውም። የአውሮፓ ሰዎች የሚፈሩት ውርጩን ነው፤ ባዶ የሆነ ባትሪ በብርድ ረግቶ ይሰነጠቃልና። በጣና ዳር ይህ አያሰጋም፤ የእኛን ባትሪ የገደለው ብርድ ሳይሆን መረሳት ነው። ንስሐ ያልገቡበት ኀጢአትስ ከዚህ በምን ይለያል? በመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው።

እኛ በየጊዜው ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ይበቃል የሚል አሳብ ነበረን። ባለሙያው ሳቀብን። ሞተር ለማስነሣት የሚወጣው ኀይል ብዙ ነው፤ የአሮጌ መኪና ዲናሞ ደግሞ ቆሞ በዝግታ ሲዞር የሚመልሰው ከምንም አይቈጠርም፤ ስለዚህ እንዲህ ማድረግ ከመሙላት ይልቅ ማጕደል ነው። ይህን ስንሰማ በበዓል ቀን ከቅጽሩ ተሳልመው የሚመለሱትን ሰዎች አስታወስን፤ ከእነርሱም መካከል ራሳችንን አገኘን።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ወገናችን እንዲህ ያድርግ። ክረምት ሳይገባ ባትሪውን እስኪሞላ ቻርጅ ያስደርግ፤ ካረፈ በኋላ ሲለካ ባለ 6 ቮልቱ 6.3፥ ባለ 12 ቮልቱ 12.6 ያህል ሊያሳይ ይገባል። ገመዱን ሲፈታ ኔጌቲቩን አስቀድሞ ይፍታ፤ ሲያስርም በመጨረሻ ይሰር። በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና ክዳኑ በሚገባ መኖሩን ይይ፤ የወንበሩ ሽቦ ጫፎቹን ነክቶ እሳት ያስነሣልና። ውሃው ከጐደለ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ ወይም የምንጭ ውሃ አይጨምር። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ የሚቃጠል ጋዝ ስለሚወጣ ጧፍና ጥና ወደዚያ አይቅረቡ፤ ይህን በተለይ ለካህናት ወንድሞቻችን እንናገራለን። ከዚያም በየወሩ ይለካ፤ 6.2 ወይም 12.4 ደርሶ ከተገኘ ነገ አይበል። በኦሪት የመሠዊያው እሳት እንዳይጠፋ የታዘዘው ካህን በየማለዳው እንጨት ይጨምር ነበር እንጂ እሳቱ እስኪከስም አይጠብቅም ነበር።

እኛ እንዳንረሳው በየወሩ 21ኛውን ቀን፥ የእመቤታችንን ዕለት መረጥን። ከቅዳሴ በኋላ ባትሪውን ፈትተን ኤሌክትሪክ ወዳለበት ቤት እንሸከማለን። በነሐሴ 21 ቀን ተሸክመን ስንሄድ ያቺው ጐረቤታችን ከደጇ ቆማ አየችንና፥ «አባቶቼ፥ ዛሬም ሊሞላ ነው?» ብላ ጠየቀችን።

«አዎን እናቴ፥ ሊሞላ ነው» አልናት።